ከዓይን ሐኪሟ የተደበቀው ልብ

ጠራዡና ሴት ልጁ የሚሠሩት በአንድ ማተሚያ ቤት ነው። እሱ ምድር ቤት ቁጭ ብሎ መጻሕፍት ይሰፋል፤ እሷ ፎቅ ላይ ሆና ከሕትመት በፊት የፊደል ግድፈት ትለቅማለች። ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች፤ ከንፈሯም ይጠቁራል። ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ጉድለት አለበት። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ይህን ከአባትና ከልጅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በልጅነቷ የልብ ሐኪም ይከታተላት ነበር። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ግን አባት አስቀራት። «በሽተኛ ናት ከተባለ ማን ያገባታል? የሰው አፍ መች ይዘጋል!» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለ እሷ ማንም የለውም።

ዘንድሮ ዓይኗ ይቀላ ጀመር። ባልደረቦቿ «ማታ ማታ ምን እየቀመስሽ ነው?» እያሉ ቀለዱባት። ቆይቶ ፊደሎቹ ሲደበዝዙባት አባትና ልጅ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ።

«ሌላ ሕመም አለሽ?» አለች ሐኪሟ።

«ኧረ ምንም የለባት! ንባብ ስለምታበዛ ነው» ብሎ አባት ቀደመ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

መነጽር ታዘዘላት፤ የዓይኗ ብሌን በጠብታ ሰፍቶ ውስጡ እንዲታይም ቀጠሮ ተሰጣት። አባት «መነጽሩ ይበቃታል» ብሎ ቀጠሮውን ተወው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ልጅቷ ፊቷን እየታጠበች ሳለ ቀጥ ብላ ቀረች።

«አባባ፣ በግራ ዓይኔ ሳይህ ፊትህ የለም። ዳር ዳሩ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ሐኪሟ በመሣሪያዋ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «የዓይኗ የደም ሥሮች አብጠዋል፣ ተጠማዝዘዋል። አንዱ ተዘግቶ ደም ፈሷል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አይመጣም። ልቧ ደህና ነው?»

አባት ሊናገር ሲል ልጅቷ «አይደለም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ አይደለም» አለች።

ሐኪሟ ወደ አባት ዞረች። «አንዳንድ የልብ ጉድለት ደሙ በቂ ኦክስጅን እንዳይዝ ያደርጋል። ሰውነት ያን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ሲያበዛ ደሙ ይወፍራል። ወፍራም ደም ደግሞ በዓይን ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ እንደ ልቡ አያልፍም። ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ቀጠሮ ሳልሰጥ በዚያው ቀን አያት ነበር።»

«ይመለስላታል?»

«የጠፋው ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም። የቀረውን ግን ከልብ ሐኪሙ ጋር ሆነን እንጠብቀዋለን።»

ልጅቷ የልብ ክትትሏን እንደገና ቀጠለች። ሥራው ግን እንደ ድሮው አልሆነላትም፤ ግማሽ ገጽ ሳትጨርስ ትደክማለች። ከቀትር በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተገለጠ መጽሐፍ በመዳፏ ስትዳብስ አባት ያያታል። ድሮ በምሳ ሰዓት ወርዳ ቀለሙ ያልደረቀ ገጽ ታነብለት፣ ስሕተት ስታገኝ ከት ብላ ትስቅ ነበር። ያ ሳቅ ናፈቀው። አሁን የሚያነበው እሱ ነው፤ በጣቱ እየተከተለ፣ እየተደናቀፈ።

«አባባ፣ አንድ መስመር ዘለልክ» ትለዋለች። ተመልሶ ያነባል።

አንድ ቀን የልብ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ ከንፈሯ የጠቆረ ሕፃን የታቀፈች እናት አጠገባቸው ተቀመጠች። አባት ሕፃኗን አተኩሮ ሲያያት እናትየው «ብርድ ነው» ብላ በነጠላዋ ሸፈነቻት።

«እኔም እንዲህ ስል ኖሬአለሁ፣ ልጄ» አላት ጠራዡ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ይቺ ልጄ ናት። ልቧን አሟት ሳለ የሰው ወሬ ፈርቼ ደበቅሁ፤ አንድ ዓይኗን አሳጣኋት። አንቺ ለሐኪሙ ሁሉንም ንገሪው። ዓይኗንም አስመርምሪላት። ገበና ቢሸፈን ያምራል፤ ሕመም ሲሸፈን ግን ይብሳል።»

 እናትየው ነጠላውን ከሕፃኗ ፊት ላይ ገለጠች።