የአሮጌው አውቶቡስ የመጨረሻ ፍተሻ

መርማሪዋ ጋራዡ ስትደርስ ፖሊሶች ሬሳውን ከአውቶቡሱ ስር አውጥተው በሸራ ሸፍነውት ነበር። በሃያ ስምንት ዓመት ሥራዋ ሬሳ ማየትን አልለመደችውም፤ እንዲያውም እያደር ይከብዳት ጀምሯል። ሸራውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

ሟቹ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። ከዓይናቸው የሚያመልጥ ጉድለት ስለሌለ ሰው ሁሉ «ለቃሚው» ይላቸዋል። ያን ቀን የመጡት የእህታቸው ልጅ ለምናቸው ነው። አስተማሪ ናት፤ ከሩቅ በእግር የሚመጡ ተማሪዎቿን የምታመላልስበት አርባ ዓመት ያገለገለ አውቶቡስ ልትገዛ ነበር። ከመግዛቷ በፊት አጎቷ እንዲፈትሹላት ፈለገች።

አደጋው ሲደርስ ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አስተማሪዋ በር ላይ ስልክ እያነጋገረች ነበር። ሻጩ፣ አውቶቡሱን ዕድሜ ልኩን የነዳው ሽማግሌ ሾፌር፣ ቢሮ ውስጥ ሊብሬ ይፈልግ ነበር። ባለጋራዡ ደግሞ ጓሮ ሆኖ የብረት በር ሲበይድ እንደነበር፣ አውቶቡሱም ጋ ድርሽ እንዳላለ ተናገረ። ሦስቱም ክሪኩ ተንሸራትቶ ነው አሉ።

ሬሳው ሲወጣ ባነሡበት በሌላ ክሪክ አውቶቡሱን እንደገና አስነሥታ በደንብ አስደገፈችና ጉልበቷ እየተንቋቋ ተንበረከከች። የመጀመሪያው ክሪክ አልተጋደመም፤ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ዝቅ ብሏል። ከሞተሩ የፈሰሰው ዘይት ወለሉን አጥቁሮታል፤ መሃል ላይ ግን ሁለት አራት ማዕዘን ቦታዎች ደረቅ ናቸው። ዞር ብላ ብታይ ግድግዳው ሥር ሁለት የእንጨት ጉማጆች ተደግፈዋል፤ ጠርዛቸው በዘይት ርሷል።

ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ ገባች። አውቶቡሱን የተሸከመው ዋና ብረት፣ ሻንሲው ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀለሙ ተፍቋል። ከሥሩ የተሰነጠቀ ብረት በብየዳ ተለጣጥፏል። ወጥታ ልብሷን አራገፈች፤ ያየችውን ለማንም አልተነፈሰችም።

ባለጋራዡን ለብቻው ጠርታ ክሪኩ ለምን የተንሸራተተ እንደሚመስለው ጠየቀችው።

«እትዬ፣ ቀለሙን እንደዚያ በኃይል ሲፍቁት መኪናው ተነቃንቆ ነዋ» አላት።

ሌላ አልጠየቀችውም።

ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበቻቸውና ቀድማ ተቀመጠች። መቆም ሰልችቷታል።

«ክሪክ ሲንሸራተት ይወድቃል። ይሄኛው ግን የዘይት ማስተንፈሻው በእጅ ተፈትቶ ቀጥ እንዳለ ወርዷል። ለቃሚው ከመግባታቸው በፊት ሁለት ጉማጅ አስደግፈዋል፤ ዘይቱ ዙሪያቸውን ስለፈሰሰ ቦታቸው ደረቅ ቀርቷል። እሳቸው ስር ሳሉ ጉማጆቹን ያወጣ ሰው አለ።»

አስተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ማን ነው?» አለ ሻጩ።

«ቀለሙ መፋቁ የሚታየው ስር ለገባ ነው። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ግን፣» አለች ወደ ባለጋራዡ ዞራ፣ «አጠገቡ አልደረስኩም ያልከው ሰውዬ፣ ሲፍቁ አይተሃል።»

ሻጩ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ባለፈው ዓመት አውቶቡሱን ለእድሳት እዚሁ ጋራዥ ሲያስገባው ሻንሲው በአዲስ ተቀይሯል ተብሎ እንደተረከበ፣ እሱም አምኖ ዝም እንዳለ ተናገረ።

ባለጋራዡ ብየዳው ሲገኝ ጎንበስ ብሎ እንደለመናቸው፣ ለቃሚው ግን ልጆች ሊጫኑበት ነው፣ ዛሬውኑ ለሕግ አመለክታለሁ እንዳሉት ነገራት።

«ስሜ ሊጠፋ ነው ብዬ ነው» አለ።

«አጎቴን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች አስተማሪዋ፤ ለማንም አልነበረም።

መርማሪዋ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ክሱን የሚጽፍላት ሰው አለ፤ ቤቷ ገብታ እግሯን ብትዘረጋ ምንኛ በወደደች። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቷታል።

«እንደዚህ በይደህ ቀለም የቀባሃቸው ሌሎች መኪኖች አሉ?»

ባለጋራዡ አቀረቀረ። «አሥራ አንድ።»

«የት ናቸው?»

«ሥራ ላይ። ሰው እየጫኑ፤ ተማሪም ጭምር።»

ሰዓቷን አየች። ተማሪ ሊለቀቅ ሩብ ሰዓት አልቀረውም። አስተማሪዋ እንባዋን ሳትጠርግ ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

መርማሪዋ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ለመደወል የቢሮውን ስልክ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ሰሌዳቸውን አንድ በአንድ ንገራት» አለች። «ቀስ እያልክ፣ ሳትሳሳት።»