የሩዋይዳ ሸርጥ

ደብረ ብርሃኖች ሸዋ ሮቢትን «በረሃ» ይሏታል። ሮቢቶች ደግሞ ስሙን ለሰመራ አሳልፈው ሰጥተዋል። መቼም በረሃ ነኝ የሚል ከተማ የለም።

ሱፍዋን ሰመራ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ሲቀጠር ኒካሁ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ተቃርቦ ነበር። እጮኛው ሩዋይዳ የሸዋ ሮቢቱ ሽንኩርት ነጋዴ የጋሽ ነጅሙዲን አንድያ ልጅ ናት። የተዋወቁት የአባቷን መጋዘን ቬንትሌተር ሊጠግን በመጣ ጊዜ ነው። ጠግኖ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። «ይሄ ነገር ቬንትሌተር ነው ወይስ አውሮፕላን?» ብትለው ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረው!

ታዲያ ሥራውን ባገኘ ሰሞን እየሮጠ መጣ።

«ቤት ተከራየሁ! ሰመራ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ኤሲ ያለው!»

«ከማን ጋር ልትኖርበት?»

«ካንቺ ጋር ነዋ!»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

  ትወደዋለች፤ ያናደዳትም ይኸው ነው።

ጋሽ ነጅሙዲን ወሬውን ሲሰሙ ቁርጡን ተናገሩ። «ልጄን እሳት ውስጥ አልሰድም። ኒካህ ከፈለገ ሸርጥ አለኝ፤ ከሮቢት አያስወጣትም።» በኒካህ ላይ የገባ ሸርጥ፣ ማለትም ቅድመ ሁኔታ፣ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚጣስ ቃል አይደለም። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሩዋይዳን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። አፋቸው ሙቀት ሙቀት ይበል እንጂ የፈሩት ባዶ ቤት ነበር። ይህን ሩዋይዳ ታውቃለች።

የኒካሁ ዕለት ሱፍዋን ኒካሁን ከሚያስሩት ሸህ ሸርጡን ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ወይ ሥራው፣ ወይ ሩዋይዳ።

«እቀበላለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሰመራ ይቅርብኝ።»

እንደ ደንቡ ሁለት ምስክሮች የሙሽራይቱን ፈቃድ ሊጠይቁ ጓዳ ገቡ።

«ሩዋይዳ፣ አባትሽ እንዲድሩሽ ፈቅደሻል? በሸርጡስ ትስማሚያለሽ?»

«እንዲድሩኝ ፈቅጃለሁ። ሸርጡ ግን የኔ አይደለም።» አለችና ቀጠለች። «የኔ ይሄ ነው፦ የትም ቢሆን አብሬው እሄዳለሁ፤ ቤቱን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።»

ምስክሮቹ መልሷን ይዘው ወጥተው ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ።

«ወላሂ ተቀብያለሁ!» ብሎ ጮኸ ሱፍዋን፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሸሁ ሳቃቸውን ዋጡ። ጋሽ ነጅሙዲን ግን አልሳቁም። «እንግዲህ እሷ ካለች...» ብለው እጃቸውን ለሱፍዋን ዘረጉ።

ሰመራ ሲደርሱ ሩዋይዳ ኮንዶሚኒየሙን አየች። ያምራል፤ ግን አንዲት ክፍል ብቻ ነው። ተመልሳ አጠገቧ ወዳለችው ሎግያ ወረደች፤ ገበያውም ጎረቤቱም እዚያ ነው፤ ለሱፍዋንም ሰመራ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ስትዞር ውላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ያለው ቤት አገኘች።

«ኤሲ የለውም እኮ!» አለ ሱፍዋን።

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያገባሁት ለምንድን ነው?»

ወዲያው ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ቤት መረጥኩ።»

«ይሞቃል?»

«ኧረ ያቃጥላል!»

«ታዲያ ምኑን ወደድሽው?»

«ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ያንቱ ነው።»





«አልጋ እንዳትገዢ» አሉ ጋሽ ነጅሙዲን። «የራሴን ይዤ እመጣለሁ።»