ትናንት ያልተሞላው ሮኬት

ቤዛብሕ የሞተው ሲፈትነው በነበረው ሮኬት ሥር ነው። በሸጎሌ ዳርቻ ባለ መጋዘን ውስጥ በሁለት ቀበቶ ከጣሪያው ብረት ተንጠልጥሎ የነበረው ሮኬት፣ ከኋላ በኩል ተለቆ ደረቱ ላይ አርፏል። ወለሉ ሰማያዊ ውሃ ተኝቶበታል።

ኢንስፔክተር ሰምሀል ስትደርስ ሁሉም የጠረጠረው በያጁን ጋሽ ሸፊን ነበር። ሮኬቱን የሰቀሉት እሳቸው ናቸው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ሰማያዊ ሆኗል። ብረቱን ሊያነሱለት ታግለው እንዳቃታቸው፣ ከዚያ በሩን ዘግተው ፖሊስ እንደጠሩ ነገሯት።

ሰምሀል ቀበቶውን አየችው። አልተበጠሰም፤ መቆለፊያው በእጅ ተከፍቷል።

የመጋዘኑ ቁልፍ ያላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ የሮኬቱን ሞዴል በኮምፒውተር የሠራችው ወጣቷ መሐንዲስ ሀያም ናት። ኮምፒውተሩ ሮኬቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ ይተነብያል። ቤዛብሕ ደግሞ እውነተኛውን ሮኬት በነዳጅ ፈንታ ውሃ ሞልቶ፣ በመዶሻ እየመታ ትንበያውን ይፈትናል። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ መሪ መሣሪያው ተሳስቶ ሮኬቱ አየር ላይ ይሰበራል።

«የኔ ቁጥር አሥራ አራት ነው» አለች ሀያም። «ግን አላመንኩትም። ፈትነው ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

ሌላው የድርጅቱ ኃላፊ ዶክተር ቶለሳ ናቸው። እሳቸው እንዳሉት ፈተናው ትናንት ከሰዓት በኋላ ታንኩ ሞልቶ ተካሂዷል፤ ውጤቱም አሥራ አራት ነው። የቤዛብሕ ፊርማ ያለበትን ሪፖርት አሳዩዋት። ከትናንት ወዲህ መጋዘኑን አልረገጡም፤ ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመጡ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

ሰምሀል ወጥታ ጎረቤቶቹን አነጋገረች። ተመልሳም ሦስቱን ቢሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ሸፊ፣ ታንኩ መቼ ተሞላ?»

«ዛሬ ንጋት ነው ልጄ። ሰፈሩ ውሃ ካጣ አራት ቀኑ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲመጣ ቤዛብሕ ደወለልኝ። እየሞላሁ ነው፣ የሚያፈስ ቦታ ካለ እንዲታየን ቀለም ጨምሬበታለሁ አለኝ።»

«ጎረቤቶቹም ውሃው የመጣው ዛሬ ነው ብለውኛል» አለች ሰምሀል። «እንግዲህ ትናንት ታንኩ ባዶ ነበር። ያ ሪፖርት ከኮምፒውተሩ የተገለበጠ ነው። ሀያም ፈተናውን ራሷ ፈልጋዋለች፤ ጋሽ ሸፊ ከቁጥሩ የሚያተርፉት የለም። በአሥር ቀን ውስጥ ሮኬት እናስወነጭፋለን ብለው እንግዳ የጠሩት እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።»

ሰምሀል ወደ እግራቸው አየች።

«ጫማዎን ቀይረዋል፤ ካልሲዎን ግን አላዩትም። ሰማያዊ ነው። ያ ውሃ ከዛሬ ንጋት በፊት አልነበረም፤ እርስዎ ደግሞ ዛሬ አልገባሁም ብለዋል።»

ሰውዬው እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ። ከዚያም ሁሉንም ተናገሩ። ፊርማውን አስመስለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ማለዳ መጥተው ሪፖርቱን ተቀበል ቢሉት ቤዛብሕ እምቢ ብሎ፣ የሚያፈስ ቦታ ለማየት ከሮኬቱ ሥር ገባ። ያኔ ነው መቆለፊያውን የከፈቱት።

«የሚወነጨፍበትን ቀን ሁለት ጊዜ አራዝሜ ነበር» አሉ። «ሦስተኛ ማን ይሰማኛል?»

ፖሊሶቹ ከወሰዷቸው በኋላ ሀያም የቤዛብሕን መመዝገቢያ ከፈተች። ታንኩ ከሞላ በኋላ አርባ ጊዜ መትቶ አርባውንም መዝግቧል፤ በሰከንድ አሥር። ሞዴሏ ስህተት ነበር። እንግዶቹ ዘንድ ደውላ ሮኬቱ እንደማይነሣ ነገረቻቸው።

ጋሽ ሸፊ መርዶውን ለቤዛብሕ እናት ሊያደርሱ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን ልበላቸው?»

«ሥራውን ጨርሶት ነበር ይበሏቸው» አለች ሀያም።