ከባሕር ማዶ የሚመጣው «አሜን»

የደሴቲቱ ፖሊስ ሳጅን ፊሎሜና ገመድና የመንሳፈፊያ ጃኬት ጭና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየበረረች ደረሰች። ፓስተር አበላርዶ ደውለው «መርከበኞቻችን በሙሉ ጠፉብን!» ብለዋት ነበር።

«ጀልባው የሰመጠው በየት በኩል ነው?»

«የምን ጀልባ?» አሉ ፓስተሩ ግራ ተጋብተው። «የጠፋው የቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ነው። በየባሕሩ የተበተኑትን ልጆቻችንን ማታ ማታ ቃሉን የምናስተምራቸው በእሱ ነበር። ነገ እሑድ ደግሞ በቪዲዮ ደውለን ፊታቸውን እዚህ ግድግዳ ላይ ልናሳይ ነበር።»

ስልኩ የሚቀመጥበት መሳቢያ አልተሰበረም፤ መቆለፊያም የለውም። ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ወደ ሽማግሌው ክሪስፑሎ ነው።

«ስልኩን ባሕር ውስጥ እወረውረዋለሁ ብለዋል አሉ» አለቻቸው ሳጅኗ።

«ብያለሁ! ጌታ ዓሣ አጥማጆቹን የጠራው በአፉ ነው። ግን እኔ በድብቅ የምወረውር ይመስልሻል? ደወል ደውዬ፣ ሕዝብ ሰብስቤ ነበር የምወረውረው!»

ሳቋ አመለጣት። አመነቻቸው።

ከአንዲት የመርከበኛ ሚስት ስልክ ተውሳ የመርከበኞቹንና የቤተ ክርስቲያኑን የጋራ ቡድን መልእክቶች ወደ ኋላ አነበበች። ከሁሉም ትጉሁ ኔስቶር ነው። ከኖርዌይ ባሕር ላይ ሆኖ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቀድሞ «አሜን» ይላል። «ለሚስቴ ለማሪቬል ጸልዩላት» ይላል፣ ደጋግሞ።

በቅርቡ አውሎ ነፋስ የመታቸው ሳምንት ላይ ስትደርስ ቆመች።

ያን ሳምንት ደሴቲቱ መብራትም ኔትወርክም አልነበራትም። መርከበኞቹ ሁሉ «በሕይወት አላችሁ ወይ?» እያሉ ጽፈዋል። ኔስቶር ብቻ ዝም። መብራቱ ሲመለስ እሱም ተመለሰ።

የሚጽፈው ከዚሁ ደሴት ነበር ማለት ነው።

የኔስቶር ሚስት ማሪቬል የቤቷ በር ላይ ተቀበለቻት። ከጓዳ አማቷ፣ እማማ ለማለት ናናይ የምትላቸው ፓሲንግ፣ ሲያስሉ ይሰማል።

«ኢንዳይ፣ የኔ እህት፣ ባልሽ የት ነው?»

«መርከብ ላይ።»

«ማሪቬል።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሮተርዳም። ከሌላ ሴት ወልዷል። ከተወን ሁለት ዓመቱ።»

«ታዲያ አሜን የሚለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ በድሮ ስልኩ። ማታ ማታ ከልጅዎ መጣ ብዬ ለናናይ አነብላቸዋለሁ፤ ሰምተው ይተኛሉ። እውነቱን ካወቁ እኔ ጋ ምን ያስቀምጣቸዋል? ሴት ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ። ከሳቸው ሌላ ማንም የለኝም።»

«ለሚስቴ ጸልዩላት የሚለውስ?»

«በራሴ ስም መጠየቅ አፈርኩ።»

የቤተ ክርስቲያኑን ስልክ ከሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ አውጥታ ሰጠቻት። «ነገ ፊቱን እናሳያለን ሲሉ ወሰድኩት።»

ሳጅኗ ስልኩን ኪሷ ከተተች። «ነገ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እህቴ። አማትሽ ከአንቺ አፍ ይስሙት።»

በዚያው ምሽት ማሪቬል ነገረቻቸው። ናናይ ፓሲንግ አልጮኹም፣ አልረገሙም። ጠዋት ልብሳቸውን ጠቅልለው በመጀመሪያው ጀልባ ወደ ሴት ልጃቸው ተሻገሩ።