ባለ ሁለት ሞተሯ ስፒትፋየር

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል የተጋነነች ከተገኘች፣ እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ወርዶ በተራኪው ደረት ላይ ይቀመጥ!

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የእትዬ ዘቢደር ጩኸት ከወሰን ሰፈር ተነሥቶ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ተሰማ። ወንድሟ ጋሽ ሠረቀብርሃን፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ከፊቱ በእጁ የሠራት ክንድ የምታህል ስፒትፋየር ቆማለች፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን። ለእንግሊዞች አንድ ሞተር በቅቷቸው ነበር። እሱ ግን ሁለት ገጠመላት፤ ሐይቅ ላይ እንድታርፍም ታንኳ አጫማት። «እነሱ ባያስቡት እኔ አሰብኩላቸው» ይል ነበር።

ኢንስፔክተር ጅሬኛ ተጠራ፤ መገናኛ ቆሞ፣ መሪ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የዋሸን ሰው የሚለይ ሰው! ክፍሉ በቀለም ማቅጠኛው በቲነር ሽታ ታፍኗል። ጅሬኛ የአውሮፕላኗን ክንፍ ዳሰሰ፤ ዞሮም መስኮቱን ከውጭ አየ። ከዚያ ታዴዎስን ጠራ። ታዴዎስም ሞዴል አውሮፕላን ሠሪ ነው፤ የሟቹ ጓደኛ። ከመጣ ጀምሮ ቀኝ እጁ ከኪሱ አልወጣ ብሏል።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ! ባለፈው ኤግዚቢሽን ትንሽ ቀልጄበት ነው። ቀለሙ ላይ አቧራ ተጣብቆ አይቼ ‹ጋሼ፣ አውሮፕላንህ ፂም አበቀለች› አልኩት።»

«ሰው ሳቀ?»

የሳቀው ሰው ስታዲየም ይሞላል፤ ዐሥራ አንድ ነበሩ።

«ሳቀ» አለ ታዴዎስ አንገቱን ደፍቶ።

ጅሬኛ ጎረቤቱንና የጋራዡን ሠራተኞች ሁሉ ሰበሰበ።

«የታችኛው ቀለም አቧራ አለበት፤ ሲረጭ መስኮቱ ክፍት ነበር። የላይኛው እንደ መስታወት ጠርቷል፤ ስለዚህ ያኔ ተዘግቷል። ቲነሩ መውጫ አጥቶ ሰውየውን አፈነው። የመስኮቱ መቀርቀሪያ ደግሞ ከውጭ ነው! ክፉ ሰው ቢሆን በሩንም ይቆልፍ ነበር። መስኮቱን ብቻ የሚዘጋ፣ ለቀለሙ የሚሳሳ ሰው ነው። መቀርቀሪያው ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። ታዴዎስ፣ እጅህን አውጣ!»

አወጣ። የራሱን አውሮፕላን ሲቀባ የነካው ሰማያዊ፣ አውራ ጣቱ ላይ ደርቋል።

«አምስት ሰዓት ላይ ሳልፍ ነፋሱ አቧራ ሲያመጣ አየሁ። ያን ቀልዴን ልካስ ብዬ… ‹ጋሼ፣ ዘግቼልሃለሁ!› አልኩት። ዝም አለኝ። ያኮረፈ መስሎኝ ሄድኩ። ገደልኩት! ይሰሩኝ!»

ጅሬኛ ካቴናውን አወጣ።

«ስትጠራው እኔ ውስጥ ነበርኩ» አለች እትዬ ዘቢደር ከጥግ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ያኔ ወንድሜ ቀዝቅዞ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ስገባ ደረቱን እንደያዘ ተደፍቶ ነው ያገኘሁት።»

«ታዲያ የላይኛውን ቀለም ማን ረጨው?» አለ ጅሬኛ።

«እኔ። ሠላሳ ዓመት ቀለም ሳቀብለው ኖሬያለሁ። ሰው ከመጥራቴ በፊት ልጨርስለት ብዬ ነው።»

«ለምን?»

ታዴዎስን አየችው።

«ለቅሶ የመጣ ሰው እንዳይስቅበት።»