ጥጡ ሳይነካው

«አሁን ነኩኝ፣ ዶክተር» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

አልነካሁትም። ጥጡ በእጄ ነው፤ እጄ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ።

አስናቀው ይባላል፤ የአምባ ጊዮርጊስ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። ማራኪ ሰፈር ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ታላቅ ወንድሙ እየጎተተ አመጣው። አውቶቡስ ተገልብጦ ትከሻው ወልቆ ነበር። ወጌሻ መለሰው፤ ራጁም አጥንቱ ቦታው ላይ መሆኑን ያሳያል። ክንዱ ግን ወደ ጎን አይነሳም፤ ክትባት የምንወጋበት ቦታም ደንዝዟል። ትከሻ ሲወልቅ እዚያ የሚዞረው ነርቭ አንዳንዴ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ያገግማል።

በጥጥ ስነካው ዝም ይላል። እጄን ስሰበስብ «አሁን» ይላል። ያሾፈብኝ መስሎኝ ቀልድ ከፈለገ ገበያው እንደሚሻለው ነገርኩት። አልተቆጣም።

«የርስዎ ጥጥ አይሰማኝም። የምትነካኝ የዓለምወርቅ ናት፤ እጮኛዬ። አውቶቡሱ ሲገለበጥ ትከሻዬን እንደያዘች ሞተች።»

ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ነፋስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሳይጎተት ይመጣ ጀመር። አበባ የሚያመጡ ወንዶች አሉ ይባላል፤ እሱ ነጭ ሽንኩርት ያመጣል። ክፍሉ ሁሉ እሱን እሱን ሸተተ፤ እኔም ለመድኩት። አንድ ቀን ክንዱን ትንሽ ወደ ጎን አነሳና «ዶክተር» ማለቱን ትቶ «ሚስጥሬ» አለኝ። ስሜ ሚስጥር ነው፤ ቢሆንም ደነገጥኩ።

በማግስቱ ቀረ። በሳምንቱም ቀረ። የወደድኩት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ተናድጄም ወደ አምባ ጊዮርጊስ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ገበያ መሐል አገኘሁት። መዳን የጀመረውን ክንዱን በፎጣ ከደረቱ ጋር ጥፍር አድርጎ አስሮታል።

«ምነው ቀረህ?»

«ክንዴ በዳነ ቁጥር እጇ እየራቀኝ ነው... እኔ ከዳንኩ የት ታርፋለች?»

ይህ የነርቭ ነገር ነው ብዬ ላስረዳው ስችል አፌ ሌላ ተናገረ።

«እኔም ትከሻ አለኝ።»

የፎጣውን ቋጠሮ ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ ፎጣውን እኔው ፈታሁለት።

ሙት ዓመቷ ከወጣ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ መረመርኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ስነካው «አሁን» አለ። እጄን ስሰበስብ ዝም አለ። ደግሜ ሰበሰብኩ፤ ዝም። የዳነ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

በሠርጋችን ቀን ያንኑ ክንዱን አንስቶ አቀፈኝ። ሸጋ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መስታወት ፊት ፀጉሬን ሳበጥር፣ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ቀዝቃዛ እጅ አረፈ። አስናቀው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። በጥጥ ራሴን መረመርኩ፤ ነርቬ ደህና ነው።

ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ። ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

«ከበደችሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አይ» አልኩት። «ቀላል ናት።»