የአንጀት አባት አሟሟት

ሟቹ በሕክምና ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። አገጩ ደረቱ ላይ ባይወድቅ ኖሮ አሁንም ሰው እየናቀ ያለ ይመስል ነበር። በሕይወት ሳለ ዋና ሥራው ይኸው ነበርና። የተላጠ የአንጀት ሽፋን በተልባና በቅጠል መልሼ አለብሳለሁ ሲል ሃያ ዓመት ኖሯል። ሐኪሞችን «ሥጋ ቆራጮች»፣ ሕመምተኞቹን «ሆዳሞች» ይላቸዋል፤ እነሱ ግን «የአንጀት አባት» ይሉታል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየች። ያገኘችውን ሁሉ ሳታደቅ ስለማትተው ባልደረቦቿ ወፍጮ ይሏታል። በሟቹ ጢም ጫፍ ላይ እንደ ኖራ የደረቀ ነጭ ነገር አለ። ጠረጴዛው ላይ ደረቅ ኩባያና የመድኃኒት ማሰሮ ተቀምጠዋል። የማሰሮውን ክዳን አነሳች። ተልባው እንደ ሙጫ ረግቷል፤ ላዩ ላይ ግራጫ ዱቄት ተነስንሷል።

«የገዛ መድኃኒቱ ገደለው ይላሉ» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም አንድ ቃል ከተናገረ አንዱ አስጠንቷቸዋል።»

ያን ቀን ጠዋት ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሚስቱ፣ ታላቅ እህቱና ሕመምተኞችን የምትመዘግበው ጸሐፊ።

ሚስትየው ሬሳው ሳይነሳ ጥቁር ለብሳ ጨርሳለች።

«ጠዋት ጠዋት ከማሰሮው አንድ ኩባያ ይቀዳና በሽተኞቹ ፊት ይጠጣል» አለች። «የምታዘጋጀው ያቺ እህቱ ናት። ሲንቃት ኖሯል፤ ቂሟን አወጣች።»

«የሐኪም መድኃኒት ይወስድ ነበር?»

«የፋርማሲ ነገር በዚህ በር ገብቶ አያውቅም።»

እህትየው ከጓሮ፣ ከቆርቆሮ ዳሱ ሥር ቅጠል ትወቅጣለች። መርማሪዋን ስታይ ዘነዘናውን አላስቀመጠችም።

«ወንድምዎ ሞቶ ይወቅጣሉ?»

«እሱ ሞተ ብሎ ቅጠሉ አይጠብቀኝም፤ ይደርቃል።»

«ሙያው የማን ነው?»

«አባታችን ያስተማረው እኔን ነው። ወንድሜ ስሙን ወሰደ፣ እኔ ሙቀጫውን።»

«ተልባውን መቼ ዘፈዘፉት?»

«ትናንት ከሰዓት። ሳይረጋ አንጀት አያለሰልስም።»

«መርዝ ቢጨምሩበት ኖሮ መቼ ይጨምሩ ነበር?»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ሳይረጋ ነዋ። ከረጋ በኋላ ያስገባሽበት ነገር ላዩ ላይ ይቀራል። ይህንን ለማወቅ መርማሪ መሆን ያስፈልጋል?»

«ሲጠጣስ አይተውት ያውቃሉ?»

«ኩባያ ሲያነሳ አይቻለሁ። ሲውጥ አላየሁም።»

ጸሐፊዋ ከካርድ መሳቢያው አጠገብ እጆቿን አጣምራ ትጠብቅ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ምን ወሰደ?»

«እንደ ወትሮው መድኃኒቱን። ሁለት ማንኪያ።»

«ከዚያስ?»

«አላየሁም። መዝገብ እየሞላሁ ነበር።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች።

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሦስቱን በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ገና ሳይቀመጡ ሚስትየው እህትየውን፣ እህትየው ሚስትየውን መዝለፍ ጀመሩ።

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» አለች መርማሪዋ፣ ዝም እስኪሉ ጠብቃ። «ሰውየውን የገደለው የአይጥ መርዝ ነው። ነገር ግን ሆዱ ውስጥ አንዲት ፍሬ ተልባ አልተገኘም። የተገኘው ነጭ የጨጓራ ሽሮፕ ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛው። ማን ገዛለት?»

ሚስትየው ወለሉን አየች። «እኔ» አለች በመጨረሻ። «ጨጓራው ከቆሰለ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«ሰው በቅጠል ይፈውሳል፣ እሱ ተደብቆ ሽሮፕ ይልሳል። የገዛ መድኃኒቱን እንኳ ንቆት ኖሯል። መርዙ የነበረው ሽሮፑ ውስጥ ነው፤ ማሰሮው ላይ የተነሰነሰው ለማሳሳት ነው። እህቱ ብትሆን የረጋ ተልባ ላይ ዱቄት አትነሰንስም ነበር። ሚስቱም ማሰሮውን አትነካም፤ በዚህ ማሰሮ ስም ነው የምትከበረው። ሁለቱም መድኃኒቱ በኩባያ እንደሚጠጣ ነገሩኝ። በማንኪያ የሚለካው ሽሮፑ ነው። ሁለት ማንኪያ ያለችኝ አንዲት ሰው ናት።»

ጸሐፊዋ ከካርድ መሳቢያው ፊት ዞር አለች። ፖሊሱ የካርዱን መሳቢያ ስቦ ከኋላ አንድ የሽሮፕ ጠርሙስ አወጣ። ጠርሙሱ የተሸሸገው ከአንዲት ሟች ሕመምተኛ ካርድ ጀርባ ነበር።

«እናቴ ናት» አለች ጸሐፊዋ።

«ይህን ጠርሙስ አደባባይ ብታወጪው ኖሮ በቁሙ ይሞት ነበር።»

«አውጥቼው ነበር። አንጀቷ እየደማ የሐኪም ክኒኗን አስጣላት። ጠርሙሱን ወስጄ፣ ‹እሱ ራሱ የሚጠጣው ይኸውልሽ› አልኳት። ‹ምቀኞች ያስቀመጡበት ነው፣ መልሺ› አለችኝ። መለስኩት። በሳምንቷ ሞተች።»

«ከዚያ ገደልሽው።»

«መሞቱ ብቻ አልበቃኝም። መድኃኒቱ ገደለው እንዲባል ነው የፈለግኩት። ሌላ የሚያምኑት ነገር የለም። ሲወድቅ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር፤ አልጠጣም።»

«ለዚህ ስትዪ እኚህን ሴት በሰው ነፍስ ልታስጠይቂ ነበር።»

ጸሐፊዋ ወደ እህትየው ዞረች፤ ዐይኗን ግን ማንሳት አልቻለችም።

ጸሐፊዋን የወሰደው መኪና እንደሄደ እህትየው ወደ ውጭ በር ወጣች። ሃያ የሚሆኑ ሕመምተኞች ቆመዋል፤ ሕክምናው መቼ እንደሚቀጥል ጠየቋት።

«ተልባ የከረረ ሆድ ያለሰልሳል» አለች። «የሚደማ ቁስል አይዘጋም። ደም የምታዩ ሰዎች ሐኪም ጋ ሂዱ።»

«ወንድሟ አፈር ሳይለብስ ቀናችበት» አለ አንዱ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከቦታው የተነቃነቀ ግን የለም።

መርማሪዋ አጥሩ ሥር ሆዷን ይዛ የተቀመጠች ከንፈሯ የነጣ ሴት አየች። ሄዳ የመኪናዋን በር ከፈተችላት።

«ግቢ።»

«ወዴት?»

«ሆስፒታል።»

ሴትየዋ አመነታች። እህትየው ክንዷን ይዛ አስነሳቻትና አብራት ገባች።

«ተልባዬን ልያዘው?» አለች ሕመምተኛዋ፣ ትንሿን ጠርሙስ እቅፏ ውስጥ ሸጉጣ።

«ያዢው፣ እህቴ» አለች እህትየው። «መጀመሪያ ሐኪሙ ይይሽ።»